የቀሚስ ቁመት በስድስት ኪሎ

ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰሞን መጀመሪያ የለመድነው ነገር ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ካፌው ደጃፍ ላይ ነበር። ተደርድረን እንቀመጥና አላፊ አግዳሚውን እንገመግማለን። «ይቺ ደግሞ ማን እንዲያያት ነው?» «ከመጣች ሁለት ወር ሳይሞላት!» ወንዱም አይቀርለትም። ሱሪው ወረድ ካለ «ዱርዬ» ነው፤ ጸጉሩን ከተጎነጎነማ ሌላ ስም ይወጣለታል። ያኔ ይሄ አመል የእኛ ዘመን ፈጠራ ይመስለን ነበር። ለካ ከእኛ በፊት የነበሩት በዚሁ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ አዘግተዋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑ መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ቦታው ስድስት ኪሎ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በአንዲት አሜሪካዊት የሰላም ጓድ አባል አስተባባሪነት፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሚኒስከርት ዓለምን ያዳረሰበት ጊዜ ነው። ተቃዋሚ ተማሪዎች ደጃፉ ላይ ጠበቁ። ትርኢቱን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ተሰደቡ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው፣ የተመቱም ነበሩ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ተቃዋሚዎቹ ረብሻ ያማራቸው ጎረምሶች ብቻ አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ትውልድ ነው። አሜሪካ ቬትናምን እየደበደበች ነበር፤ አስመራ ላይም ቃኘው የሚባል የጦር ሰፈር ነበራት። ገበሬው በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር የቅንጦት ልብስ ማሳየት ለእነሱ የባህል ወረራ፣ ለውጭ ሸቀጥም ገበያ ማሟሟቂያ ነበር። ይሄን ክርክር ዛሬም ስንሰማው ግማሽ ልባችን ይስማማል።

የቀረው ግማሽ ግን አንድ ጥያቄ አለው። ተቃዋሚዎቹስ ምን ይለብሱ ነበር? እስቲ የዚያን ዘመን የተማሪ ፎቶግራፎች ተመልከቱ፤ ኮት፣ ሸሚዝ፣ ክራቫት። ኮቱም እኮ የመጣው ከፈረንጅ አገር ነው! ታዲያ የእሱ ኮት «ዘመናዊነት»፣ የእሷ ቀሚስ «ባህል ማጥፋት» የሆነው በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው? ሴቶች በግቢው ውስጥ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ኢምፔሪያሊዝምን ለመምታት የተነሳ ክንድ በቅርብ ያገኘው የክፍል ጓደኛውን ቀሚስ ነው። ቃኘው ሩቅ ነው፤ እሷ ግን አጠገቡ ናት።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጥቂት ቆይቶ አፍሮና ቤልቦተም መጣ። እሱም የውጭ ፋሽን ነበር፤ ወንዶቹ ግን በደስታ ተቀበሉት። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ አልብሶ ወደ ገጠር ላካቸው። ወንድም ሴትም አንድ ዓይነት ልብስ! የቀሚስ ቁመት ክርክር ለጊዜው ተዘጋ፤ የሚለበሰውን መንግሥት ወሰነው። እርስ በርስ መቆጣጠር የለመደ ሰው ከላይ የሚቆጣጠረው ሲመጣ ብዙም አይገርመው ይሆናል።

እኛስ? አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች። በካፌው በኩል ማለፍ ትታ በጓሮ ዞራ ክፍል ትገባ ነበር። ለምን እንደሆነ የነገረችን ተመርቀን ከወጣን በኋላ ነው። በእኛ ምክንያት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ትዞር ነበር።

የ1960ዎቹን ተማሪዎች ለመውቀስ ምላሳችን ፈጣን ነው። እኛ እንቁላል አልወረወርንም፤ ቃል ግን ወርውረናል። እንቁላሉ ይታጠባል።