በናሙናዎ ላይ የተለጠፈው ባርኮድ አልነበብ ቢልስ?

አክታ ወይም ደም ለምርመራ ሲሰጡ በመያዣው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ያሉት ወረቀት ሊለጠፍ ይችላል። ይህ ባርኮድ ይባላል። ላብራቶሪው በስካነር ሲያነበው ናሙናው የማን እንደሆነ ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ በሽታዎ አይጻፍበትም።

ለምን ያሳስባል?

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው ተቋማት አንዱ ነው። የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የቲቢ ተህዋሲ በአክታ ውስጥ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል። የሁለት ሰዎች ናሙና ከተቀያየረ ግን አንዱ የማያድነውን መድኃኒት፣ ሌላው የማያስፈልገውን ከባድ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

ባርኮዱ የማይነበበው ለምንድን ነው?

• ወረቀቱ ሲረጥብ ወይም አክታ ሲፈስበት
• ሳኒታይዘር ወይም አልኮል ነክቶት ሲደበዝዝ
• ፀሐይ ወይም ሙቀት ላይ ቆይቶ ሲጠቁር
• ሲጨማደድ፣ ወይም በጠባብ ቱቦ ላይ ዙሪያውን ሲጠመጠም
• በመስመሮቹ ላይ ሲጻፍ ወይም ፕላስተር ሲለጠፍ
• ማተሚያው መስመሮቹን አሳስቶ ወይም ቆራርጦ ሲያትም

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

መያዣውን ሲቀበሉ ስምዎና የካርድ ቁጥርዎ ትክክል መሆናቸውን ያንብቡ። ማንበብ ካልቻሉ ባለሙያው እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። ወረቀቱ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በመያዣው ጎን ላይ መለጠፉን ይመልከቱ፤ ክዳን ከሌላ ሰው ክዳን ጋር ሊቀያየር ይችላል። አክታውን ከሰጡ በኋላ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ፤ ወረቀቱን አይሹ፣ አይላጡ።

“አልነበብ አለ” ቢባሉ

አይደንግጡ፤ ናሙናው ተበላሸ ማለት አይደለም። ባለሙያው ከመስመሮቹ ሥር ያለውን ቁጥር በእጅ ማስገባት ወይም አዲስ ወረቀት ማተም ይችላል። አዲስ ከተለጠፈ ሙሉ ስምዎን፣ ዕድሜዎንና የካርድ ቁጥርዎን ከምርመራ ማዘዣው ጋር እንዲያመሳክርልዎ ይጠይቁ። ናሙናው የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን እንደገና መስጠት ይሻላል። ከኮምቦልቻም ሆነ ከሩቅ ገጠር ለመጣ ሰው መመላለሱ አድካሚ ነው፤ ሆኖም ከተሳሳተ ውጤት ይቀላል። የሚሠራ ስልክ ቁጥር ማስመዝገብዎን አይርሱ።

ማሳሰቢያ

ውጤቱ ቢዘገይም የጀመሩትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። ደም ካስሳለዎ ወይም መተንፈስ ከከበደዎ ውጤቱን ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።