ብርሃን የበላው ፊት

«አንተ የተማርክ ነህ፤ የአባቴን ፊት አውጣልኝ» አለችኝ አክስቴ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚገኘው ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ፎቶግራፍ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ።

አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በድሬ የቀትር ፀሐይ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ነጭ ግድግዳ ተደግፈው ተነሥተዋል። ጋቢውና ግድግዳው ተዋሕደው አንድ ንጣት ሆነዋል። ከሰውየው የቀረው ዱላ የጨበጠ እጅ፣ የጫማ ጫፍና እንደ ጭስ የሳሳ ግማሽ ፊት ነው፤ ግንባራቸውንና ቀኝ ጉንጫቸውን ፀሐይ በልቶታል። የቤተሰቡን ሌሎች ፎቶግራፎች ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የፈጀው የደቻቱ ጎርፍ ወስዷቸዋል። አክስቴ አባቷ ሲሞቱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረችና መልካቸውን አታስታውስም። ይህ ከነጉድለቱ ብቸኛው ምስክር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የነጣ ፊት በዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ደርሶ ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት፣ ከዚህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐረር፣ ግጥም መጻፉን ትቶ በንግድ የተሠማራ አንድ ፈረንሳዊ ይኖር ነበር፤ አርተር ራምቦ። ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጣና እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን በራሱ አነሣ፤ አንዴ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዴ በቡና፣ አንዴም በሙዝ ተክል መካከል። በዚያው ዓመት ሜይ 6 ቀን ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ሁሉም እንደነጡበት በደብዳቤው አምኖ ጥፋቱን ባጠበበት መጥፎ ውኃ ላይ አላከከ። («ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው የእኛ አነጋገር እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።) በእርሱ ቃል ከሄድን ጥፋቱ የብርሃን ሳይሆን የውኃ ነው፤ ውጤቱ ግን ከአያቴ ፎቶ ጋር ወንድማማች ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ እንኳ የባለቅኔውን የሐረር ፊት በዝርዝር አይቻለሁ የሚል የለም።

እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1883 ሃዋርድ ፋርመር የተባለ እንግሊዛዊ፣ ብርሃን በዝቶበት የጠቆረን ኔጋቲቭ የሚያሳሳ ኬሚካል አስተዋወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። በኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲበዛ የብር ማዕድን ቅንጣቱ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ያ ኔጋቲቭ በፋርመር ድብልቅ ቢሳሳ፣ ወይም በጨለማው ክፍል ሲታተም ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጠው፣ ሞተ የተባለው ጉንጭ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። የዛሬው ዲጂታል ምስል ይህ ምሕረት የለውም። ተራው ምስል ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው፤ በሦስቱም ቀለማት 255 የደረሰ ነጥብ ጣሪያ ነክቷል፤ ከጣሪያው በላይ ምን እንደነበረ አይናገርም። ብታጨልመው ግራጫ ይሆናል እንጂ ጉንጭ አይሆንም።

የአያቴ ኔጋቲቭ የለም፤ ያነሣቸው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ያለኝ ወረቀቱ ብቻ ነው። በጥሩ ስካነር አስገብቼ፣ ለዓይን ነጭ በሚመስለው ጠባብ ክልል ውስጥ ያሉትን ደረጃዎች በኮምፒዩተር እየለጠጥሁ ሦስት ሌሊት ሠራሁ። መጀመሪያ የጋቢው ጥለት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የግራ ዓይን፤ ቀጥሎ የጢም ጥላ፤ በመጨረሻም ከግራ ቅንድብ በላይ ማንም ያልነገረን ጠባሳ። በቀኝ በኩል ግን ምንም አልመጣም። ባዶ ነበር፤ ባዶ ሆኖ ቀረ። እኔም እዚያ ላይ እጄን ሰበሰብሁ።

ለምን እጅህን ሰበሰብህ የሚለኝ አይጠፋም። የታሪክ መምህር ነኝና ከልጅ ኢያሱ የተሻለ መልስ የለኝም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ሲሻሩ እርሳቸው የነበሩት እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ነው። ክሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር፤ ከክሱ ጋር ስማቸው የተያያዘው ደግሞ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶው በእጅ የተቀነባበረ ነው የሚሉና እውነተኛ ነው የሚሉ ወገኖች ክርክር እነሆ መቶ ዓመት አለፈው፤ የታሪክ ተመራማሪዋ ኤስቴል ሶዬ እ.ኤ.አ. በ2011 በልዑሉ አከራካሪ ምስሎች ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትማለች። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ፎቶው አንዳች ያልተነካ እውነተኛ ነው እንበል። ጥምጥም የሚያሳየው ጥምጥምን ነው። በምሥራቁ ሙስሊም ሕዝብ መካከል የተገኘ መሪ የአገሬውን ልብስ ለበሰ ከማለት አልፎ «ካደ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፤ የጨመርነው እኛ ነን። ቅንብር በብሩሽ ብቻ አይሠራም።

የአሸናፊው ዕጣ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በተፈሪ መኮንን ፊት ላይ፣ ከአልጋ ወራሽነት እስከ ንጉሠ ነገሥትነት፣ ለ58 ዓመታት ብርሃን ሲፈስስ ኖረ፤ ከብዛቱ የተነሣ መጨማደዱም ጥላውም ጠፋ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጡት ደግሞ በዚያው ፊት ላይ ጥቁር ቀለም ደፉ። ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን አላሳዩንም። ዛሬም አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር መብራቱን ወደ ፊቱ የምናዞር፣ በወረደም ማግስት የምናጠፋ ሰዎች መሆናችንን ማን ይክዳል?

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሥራዬ ግማሽ ፊት ብቻ መሆኑን ስነግራት አልተዋጠላትም። ሳልሰማ ፎቶውን መሀል ከተማ አንድ ወጣት ዘንድ ወስዳ ኖሯል። ልጁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው አዲስ ብልሃት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ ፊት ሠራላት፤ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች፣ ለስላሳ ጉንጭ፣ የተከረከመ ጢም። ጠባሳው የለም፤ ማሽኑ እንደ እድፍ ቆጥሮ ጠርጎታል። እውነቱን ለመናገር መልከ መልካም ሰው ነው። የማን አያት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አኖርኋቸው። አክስቴ የእኔን አንሥታ ረዥም ጊዜ አየችው። ጠባሳውን በጣቷ ዳሰሰችና «ምን መትቶት ይሆን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ቀጥላ የልጁን አነሣች።

«ይህንን ሳሎን ስቀልልኝ።»

«እሱ እኮ አይደለም» አልኋት። (በእኛ ቤት አንቱታ የኩርፊያ ቋንቋ ነው።)

«አውቃለሁ» አለች። «ይኼ እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ነው።»

ግማሹን ፊት በነጠላው ቁራጭ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አኖረችው። እኔም ሚስማሩን ከመምታቴ በፊት የሳሎኑን ፎቶ ገልብጬ፣ ከጀርባው በእርሳስ ዕለቱንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀኝ ዓይኑና ቀኝ ጉንጩም በኮምፒዩተር የተሠሩ መሆናቸውን፣ ከግራ ቅንድቡም በላይ ጠባሳ እንደነበረ ጻፍሁበት።