ቶን የማይናገረው ጮማ

ሥጋ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ «ቀይ ይሁን ወይስ ጮማ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቋንጣ ሊያደርቅ ያሰበ ቀዩን ያስመዝናል፤ ጮማ ገመድ ላይ ውሎ ሲያድር ይሸታልና። ዓሣ ላይ ሲደረስ ግን ይህ ጥያቄ ድንገት ይጠፋል። ዓሣ ዓሣ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በየዓመቱ የሚያሳውቁት ቁጥር እንኳ በቶን ነው። ከየዝርያው ስንት ቶን ወደብ ላይ እንደ ወረደ ይጻፋል፤ ያ ቶን ቀይ ይሁን ጮማ አይጻፍም።

ልዩነቱ ግን የዋዛ አይደለም። መቶ ግራም ኮድ የሚባለው ዓሣ ሥጋ 80 ኪሎካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ስቡ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያው መቶ ግራም ከማክሬል ሲቆረጥ 200 ያህል ይሰጣል። ሄሪንግ 160 ገደማ ላይ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ይህም አማካዩ ነው፤ ሄሪንግ እንደየወሩ የሚከሳና የሚወፍር ዓሣ ነውና። ነገሩን ይበልጥ የሚያሳስተው ውኃ ነው። የሚወፍር ዓሣ ውኃውን እየለቀቀ ስብ ይተካል፤ የሚከሳው ስቡን እያቃጠለ ውኃ ይሞላል። በብዙዎቹ ዘንድ ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 80 አካባቢ ናቸው። እኩል ርዝመትና ተቀራራቢ ክብደት ካላቸው ሁለት ዓሦች አንዱ ዘይት፣ ሌላው ውኃ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ አይለያቸውም።

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካሎሪ የሚባል ነገር ሳይሰማ ልዩነቱን በእጁ ያውቀው ነበር። በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች፣ በብርዱ ወራት ከባሬንትስ ባሕር ሊራባ የሚመጣው ኮድ ጨው ሳይነካው በእንጨት ርብራብ ላይ ይሰቀላል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ቀዝቃዛ ነፋስም እንጨት እስኪመስል ይደርቃል። ቋንጣ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ይህ የሆነው ኮድ ስቡን ከሥጋው አርቆ በጉበቱ ስለሚያከማች ነው። ያ ጉበት ደግሞ ኋላ የስንት አገር ሕፃናት አፍንጫቸውን ተይዘው የጠጡት የዓሣ ዘይት ሆነ። የሰሜን ጀርመን የንግድ ከተሞች ኅብረት የሆነው የሐንሳ ማኅበር ነጋዴዎች በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቤርገን ወደብ የንግድ ጣቢያ ተክለው፣ ይህን ለዓመታት የማይበላሽ ቋንጣ በእህል እየለወጡ ወደ ደቡብ ያወርዱት ነበር።

ሄሪንግ እንዲህ አይሆንለትም። ስቡ በሥጋው ውስጥ የተሠራጨ ስለሆነ ነፋስ ላይ ቢሰቀል አየሩ ራሱ ያበላሸዋል። መድኃኒቱ በርሜል ነው፤ ሆዱን ቀዶ፣ በጨው ደራርቦ፣ አየር እንዳይገባ ማሸግ። ስለዚህም ዛሬ የደቡብ ስዊድን ክፍል በሆነችው ስካንያ፣ በስካኖርና በፋልስተርቦ ዳርቻ ከነሐሴ ጀምሮ የሚቆመው ታላቅ የሄሪንግ ገበያ ያለ ጨው የሚታሰብ አልነበረም። ጨዉ በሰሜን ጀርመን ካሉት የሉኔቡርግ የጨው ጉድጓዶች ወጥቶ በሉቤክ በኩል ያልፋል፤ ሉቤክም በዚህ መንገድ ከበለጸጉት ከተሞች ግንባር ቀደም ሆነች። የአንድ ዓሣ ጮማ አልደርቅ ስላለ ከተማ ሀብታም ሆነ ማለት ማጋነን ይመስላል፤ ብዙም ግን አይርቅም። ገዢውን ያበዛው ጾም ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በጾም ሥጋን ከልክላ ዓሣን ትፈቅድ ነበር። (እኛ ዘንድ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ከየማዕዱ አልተነሣም።)

ሆላንዶች ከዚህም አልፈው የጮማውን ወር ለይተው ያዙ። በሰኔ ገደማ የሚበላው አዲሱ ሄሪንግ ስሙን እንዲያገኝ ስቡ ቢያንስ ከመቶ 16 መሆን አለበት። ሄሪንግ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ከስቶ ከመቶ አምስት በታች ይወርዳል፤ በፀደይ የባሕሩ ጥቃቅን ተክሎች ሲያብቡ ደግሞ ኮፔፖድ የሚባሉትን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት እያሳደደ በሳምንታት ውስጥ ይፋፋል። እነዚህ ኮፔፖዶች የሰሜኑን ረጅም ጨለማ የሚያሳልፉበት የዘይት ከረጢት በሰውነታቸው ይዘዋል። ሆላንዳዊው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓሣውን በጅራቱ ይዞ ሲውጥ የሚጥመው ዘይት ሄሪንጉ ከእነሱ የዘረፈው ነው።

ይህ ሁሉ የእጅና የምላስ ዕውቀት ወደ ቁጥር የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ዛሬ የሚታወቀው በየምግብ ማሸጊያው ላይ በታተሙት ቁጥሮች ነው፤ አንድ ግራም ፕሮቲን አራት፣ አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች አራት ኪሎካሎሪ የሚለው ስሌት የእሱ ነው። በ1890ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሰው በታሸገ ክፍል ውስጥ ለቀናት እያስቀመጠ የሚያመነጨውን ሙቀት ይለካ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሥራው ዓሣ ነበር። በኮነቲከት፣ ሚድልታውን ውስጥ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ለአሜሪካ የዓሣ ኮሚሽን ብሎ በገበያ ያሉትን ዓሦች እየቆራረጠ፣ እያደረቀ፣ ስባቸውን እየለየ መዘነ። ምግብን በኃይል የመቁጠር ልማዳችን በከፊል ከዓሣ ገበያ በኩል መግባቱ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ነው።

በዚያው ዘመን የኪል ዩኒቨርሲቲው ቪክቶር ሄንሰን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ገበሬ ማሳውን አይቶ ምርቱን እንደሚገምት፣ ባሕሩስ ስንት ዓሣ ያበቅላል ብሎ ጠየቀ። በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ሕይወት በ1887 «ፕላንክተን» ብሎ ሰይሞ በመረብ እያጠለለ ይቆጥር ጀመር። ቆጠራው አሰልቺ ነበር፤ የሚያሾፉበትም አልጠፉም። ጥያቄው ግን ቆየ።

በ1924 እንግሊዛዊው አሊስተር ሃርዲ የሰሜን ባሕርን ሄሪንግ ሆድ ቀድዶ ያገኘውን በአንድ ሥዕል አስቀመጠ። ሥዕሉ ቀስቱ የተጠላለፈ ድር ነው። ገና የተፈለፈለው ሄሪንግ የሚበላው ሌላ፣ ጣት ያህል ሲሆን ሌላ፣ ሲጎለምስ ደግሞ ሌላ ነው። ጎልማሳው የሚበላቸው አንዳንድ እንስሳት ራሳቸው የሄሪንግን ጫጩት የሚበሉ ናቸው። ዓሦችን በአመጋገባቸው «ተክል በላ»፣ «ፕላንክተን በላ»፣ «ዓሣ በላ» ብሎ በሦስት ቅርጫት መክተት ለሚወድ ሰው ይህ ሥዕል መጥፎ ዜና ነበር። ላም ጥጃም ሆና ላም ናት። ዓሣ ግን በዕድሜው ሁለት ሦስት ጊዜ ከቅርጫት ወደ ቅርጫት ይዘላል።

የኃይሉንና የአመጋገቡን ጉዳይ አንድ ላይ የቋጨው ባሕር ሳይሆን ትንሽ ኩሬ ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በሚኔሶታ አንዲት ረግረጋማ ኩሬ ለዓመታት አጥንቶ፣ ፍጥረታትን በዝርያ ሳይሆን ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍባቸው እርከኖች ደረደራቸው። ጽሑፉ በ1942 ሲታተም እሱ በ26 ዓመቱ ካረፈ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእርከን ወደ እርከን የሚያልፈው ኃይል ከአሥር አንድ ያህል ነው የሚለው ግምት ተለመደ። ሌላው ዘጠኙ በመዋኘት፣ በመተንፈስ፣ በዓይነ ምድርና በሌላ ሳይበሉ በመሞት ይጠፋል። በ1969 አሜሪካዊው የባሕር ተመራማሪ ጆን ራይተር ይህን ሒሳብ በዓለም ውቅያኖስ ላይ ዘረጋው። ሰፊው ጥልቅ ባሕር ብዙ እርከን ስላለው ከላይ የሚቀረው ዓሣ ኢምንት ነው። ቀዝቃዛና ለም ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጣባቸው ጠባብ ዳርቻዎች ግን እርከናቸው አጭር ስለሆነ፣ ስፋታቸው የውቅያኖሱ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የዓለምን የዓሣ ምርት ግማሽ ይሰጣሉ አለ። ቁጥሩ ኋላ ብዙ አከራክሯል፤ ከእነዚያ ዳርቻዎች ዋነኛው ግን ያኔ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ፔሩ።

የፔሩ አንቾቬታ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቅባታም ዓሣ ነው። አስቀድሞ ባለቤቶቹ ወፎች ነበሩ። በደሴቶቹ ላይ የተከመረው ኩሳቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ማሳ አዳብሮ ፔሩን አክብሯል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዓሣው ወደ ፋብሪካ ዞረ፤ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ዘይቱ ለብቻ ወጥቶ፣ ቀሪው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ዶሮና አሳማ ዱቄት ሆነ። አንድ ቶን ዱቄት ለማግኘት አራት አምስት ቶን ዓሣ ይፈጃል። በ1970 የተያዘው አንቾቬታ 13 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ፤ አንድ ዝርያ ዓሣ ከአንድ ዳርቻ ይህን ያህል የወጣበት ሌላ ዘመን አላውቅም። ሰው በቀጥታ የበላው እጅግ ትንሽ ነው። በ1972 ኤል ኒኞ ሞቃት ውኃ ይዞ መጣ፤ ከመጠን በላይ የተጠመደው መንጋ አልቻለም፤ በ1973 የተያዘው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። የፔሩ መንግሥት የተንኮታኮተውን ኢንዱስትሪ በዚያው ዓመት ወረሰ። የዱቄቱ እጥረት የአኩሪ አተርን ዋጋ ከሰቀሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ አሜሪካ በ1973 አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለጊዜው ስታግድ የደነገጠችው ጃፓን ብራዚል ውስጥ ለአኩሪ አተር እርሻ ገንዘብ አፈሰሰች።

የአንቾቬታ የምግብ ቅርጫትም ተሳስቶ ነበር። ብዛቱን ያዩ ሊቃውንት ጥቃቅኑን ተክል በቀጥታ የሚግጥ መስሏቸው ነበር፤ ሰንሰለቱ እንዲያጥር ያ ይመቻል። በ2008 የወጣ ጥናት በሆዱ ያለውን በቁጥር ሳይሆን በካርቦን ሲመዝነው ሌላ ነገር ተገኘ። ተክሎቹ በቁጥር እልፍ ናቸው፤ ምግቡ ግን በአብዛኛው ክሪል የሚባሉት ሽሪምፕ መሰል እንስሳትና ኮፔፖዶች ናቸው። እዚህም ቢሆን ያሳሳተው መቁጠሪያው ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንዲት ጠርዝ እኛንም ትነካለች። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀይ ባሕሯ ዳርቻ በዓመት እስከ 25,000 ቶን ዓሣ ይያዝ ነበር። አብዛኛው ሰርዲንና አንቾቪ ሆኖ ተፈጭቶ ዱቄቱ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ደገኛው ወጡን በሽሮ ሲሠራ፣ ከምጽዋ የሚወጣው ጮማ የሌላ አገር ዶሮ ይቀለብበት ነበር ማለት ነው።

በ1998 የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፓውሊና ባልደረቦቹ የዓለምን የዓሣ መዝገብ በእርከን ተርጉመው አነበቡት። ተክል አንድ፣ ተክል በላ ሁለት እየተባለ ሲቆጠር አንቾቬታ በእነሱ ስሌት ሦስት አይሞላም፤ ኮድ አራት አካባቢ ነው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1994 የተያዘው ዓሣ አማካይ እርከን ከ3.3 በላይ ከነበረበት ከ3.1 በታች ወርዷል፤ ትልልቆቹ አዳኞች ሲያልቁ ወደ ታች እየወረድን ነው አሉ። በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች የተያዘው ዓሣ አማካይ በባሕሩ ያለውን አያሳይም ብለው ተቃወሙ። ለእኔ ሁለቱም ወገን አንድ ድካም ይጋራል፤ አማካዩ የሚሰላው በቶን ነው። የፔሩ መንጋ በአንድ ዓመት ሲሞላ ወይም ሲጎድል የዓለም አማካይ አብሮት ይዋልላል።

ወፎች አማካይ አያውቁም። በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው የሜይ ደሴት፣ ጊልሞት የሚባሉት ጥቁርና ነጭ የባሕር ወፎች በ2004 እንደ ወትሮው ዓሣ በምንቃራቸው ይዘው ይመላለሱ ነበር። ወላጅ በአንድ ጉዞ የሚያመጣው አንድ ዓሣ ብቻ ስለሆነ የዚያ ዓሣ ጮማ የጫጩቱ ዕድል ነው። ጫጩቶቹ ግን ከሱ፤ የሞቱም ነበሩ። ተመራማሪዎች ወፎቹ ወደሚራቡበት ገደል የሚመጣውን ዓሣ ወስደው በቤተ ሙከራ ሲመረምሩት፣ ስፕራትና ሳንድኢል የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች የያዙት ኃይል ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያው ዓመታት በሰሜን ባሕር ፓይፕፊሽ የሚባል፣ እንደ ሽቦ የቀጠነና ቆዳው አጥንት የለበሰ ዓሣ በድንገት በዛ። የባሕር ወፎች እሱንም እያነሡ ለጫጩቶቻቸው አመጡ። የታነቀበት ጫጩት አለ፤ ሳይበላ የቀረው ዓሣም በየጎጆው ዳር ደርቆ ተገኘ።