ፊደልና መኪና፦ የቢሮ ጽሕፈት ታሪክ ከስሜን ግርጌ ሲታይ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በመዝገብ ቤት ለሚያገለግል ሰው ሁሉ የዘወትር መመሪያ ነው። ጽሑፍ የሚወረሰው ግን አንባቢ እስካለው ድረስ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመጀመሪያ በወገራ ደጋ ላይ ዳባት፣ ቀጥሎም በ100 ኪ.ሜ. ገደማ የስሜን ተራሮች ደጃፍ የሆነችው ደባርቅ ይገኛሉ። በእንደነዚህ ባሉ ከተሞች ከሃምሳ ዓመት በፊት በጽሕፈት መኪና የተመታ ደብዳቤ፣ ምስጥና እርጥበት ካልደረሰበት፣ ዛሬም ያለ ችግር ይነበባል። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በኮምፒዩተር ተጽፎ በዲስኬት የተቀመጠው ግን ላይነበብ ይችላል። አዲሱ ከአሮጌው ቀድሞ ሊጠፋ የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት የፊደላችንንና የመኪናውን የረጅም ጊዜ ክርክር መመልከት ግድ ይሆናል።

የጽሕፈት መኪና የተወለደው ለላቲን ፊደል ነው። አርባ አምስት ያህል መምቻዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምልክት ቢሸከሙ ድምሩ ከዘጠና አይበልጥም። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ ግዕዞች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ዐቢይ ችግር ይኸው ነበር። የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን ከፋፍሎ መቀጠል ሆነ፤ መጀመሪያ የፊደሉ አካል ይመታል፣ ከዚያም የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የኃምሱ ቅጥያ በላዩ ይታከላል። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራጩት ኦሊቬቲዎች የጻፉት አማርኛ ቅጥያው ከአካሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። የብራና ጸሐፊ ዓይን አይቶት ባይደሰትም ቃሉ ግን ያለ ጥርጥር ይነበብ ነበር።

በዚያ ዘመን የሠራን ሁሉ የቢሮውን ድምፅና ሽታ አንረሳውም። በሁለት ወረቀት መካከል የሚገባው ካርቦን፣ ጣትን የሚያጠቁረው ሪባን፣ የመሥመሩን ማለቅ የሚያበሥረው ደወል፣ ለብዙ ግልባጭ የሚዘጋጀው ስቴንስልና በእጅ የሚዞረው ማባዣ የሥራው ጓዞች ነበሩ። ዋናው ለባለጉዳዩ፣ ግልባጩ ለሚመለከታቸው፣ የመጨረሻውና ደብዛዛው ቅጂ ደግሞ ለፋይል ይቀር ነበር። አንድ ስሕተት በአራት ወረቀት ላይ ስለሚታረም ጸሐፊዋ ከመምታቷ በፊት ታስብ ነበር። ትጋትን ያስተማረው የመሣሪያው አስቸጋሪነት መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ ችግሩ የመኪናው ሳይሆን የፊደሉ ነው የሚል ወገን አልጠፋም። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» በሚል ርእስ የታተመው መጽሐፍ ለኅትመትና ለጽሕፈት መኪና እንዲመች ፊደሉ ይቀነስ ወይም ይለወጥ የሚሉ ሐሳቦችን ለሕዝብ አቅርቧል። ሐሳቦቹን ያቀረቡት የተከበሩ ምሁራን ነበሩና ጉዳዩ በዋዛ የሚታይ አልነበረም። ሕዝቡ ግን የለመደውን ፊደል አልለቀቀም። በቴሌኮሙኒኬሽን መስክም ኢንጂነር ተረፈ ራስ ወርቅ በአማርኛ የሚሠራ የቴሌፕሪንተር መሣሪያ በመንደፍ መኪናውን ወደ ፊደሉ ለማቅረብ ጥረዋል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ክርክሩ በአዲስ መልክ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ በየበኩላቸው፣ ፊደሉን በግል ኮምፒዩተር ላይ ለማዋል ሠሩ። በአገር ውስጥም በኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር «አጋፋሪ» የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ እንግዳን ወደ ግብር አዳራሽ የሚያስገባ ባለሟል ስም መሆኑ ለሥራው የተገባ ነበር። ከዚያም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ተከተሉ። ነገር ግን የዚያን ጊዜው አሠራር በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 በላይ የምልክት ቦታ አይሰጥም ነበር። በዚህ ላይ እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሎቹን በራሱ ቅደም ተከተል በላቲኖቹ ቦታ አስቀመጠ። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ይሆን ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው «ሀ»ን ሳይሆን በ«ሀ» መልክ የተሣለ ሌላ ቁጥርን ነበርና።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ዳባት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቁሞ በተመረጡ ቀበሌዎች የመነሻ ቆጠራ አደረገ። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ፤ የተመዘገበውም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። የእንዲህ ያለ ሥራ ዋጋ ዛሬ የተመዘገበችው ሕፃን ከዓመታት በኋላም ያችው ሕፃን መሆኗ በመታወቁ ላይ ነው። «ኃይሌ»፣ «ሐይሌ»ና «ሀይሌ» ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆን ለኮምፒዩተር ሦስት ነው። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ «ጠ» ከ«ተ» ጋር ይምታታል፤ «ፀሐይ»ም በየጸሐፊው ልማድ ይለዋወጣል። በእንዲህ ያለ ክትትል ለእያንዳንዱ ቤትና ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር የሚሰጠውም ስም ብቻውን ስለማይታመን ነው። በስሜን ግርጌ ላለች እናት ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የልጇ ሞት ሳይቆጠር ሊቀር ይችላልና።

ክርክሩ በመጨረሻ ለፊደሉ ተፈረደ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መደበ፤ እያንዳንዱም ፊደል በዓለም ሁሉ የጸና የራሱ ቁጥር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የስሜኑ ዋልያ ባይሆንም የባሌው ባለ ቀንድ ፊደላችንን ተሸክሞ በየቢሮው ገባ። ከዚህ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ሁሉ ያለ ባለቤቱ ፎንት ይነበባል።

በሁለቱ ዘመናት መካከል የተጻፈው ግን በአደጋ ላይ ነው። የጽሕፈት መኪናው ዘመን ወረቀት አለው፤ የዩኒኮድ ዘመን የጋራ ቁጥር አለው፤ በመካከሉ ያሉት ከአሥር የሚበልጡ ዓመታት በብዙ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም አላገኙም። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ በየቢሯችሁ በሣጥን የተቀመጡ ዲስኬቶችና አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከመወገዳቸው በፊት ይመርመሩ፤ የተጻፉበት ፕሮግራም ይለይ፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ የታተመ ቅጂ ካለም ከፋይሉ አይውጣ። የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። አጋፋሪን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የመሳሰሉትን በእጃቸው የሠሩባቸው ሰዎች ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው ወይም ለጡረታ ተቃርበዋል፤ ሊጠየቁ የሚገባቸውም አሁን ነው።