ካርታው በማን ስም ነው?

በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ቁጣ ተቀሰቀሰ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተቆጡት ሰዎች በእረፍት ቀናቸው ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ በሐሳባቸው ዘንዶ የሚገድሉ ተጫዋቾች ናቸው። ያስቆጣቸው ደግሞ ሾልኮ የወጣ የውል ረቂቅ ነው።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ባለቤቱ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የእሱ ባለቤት ደግሞ ግዙፉ የመጫወቻ አምራች ሃስብሮ ነው። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት ክፍት ፈቃድ ነበር። ማንም ሰው የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግጋት ተጠቅሞ የራሱን ጀብዱ፣ የራሱን ዓለም ጽፎ መሸጥ ይችላል። ረቂቁ ይህን ፈቃድ የሚሽር ነበር። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ አሳታሚ ከዚያ በላይ ካለው ገቢው እስከ 25 በመቶ እንዲከፍል ይጠይቃል። ከገንዘቡ ይልቅ ብዙዎችን ያንገበገበው ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ በአዲሱ ፈቃድ የሚታተመውን ሥራ ሁሉ ኩባንያው ያለ ክፍያ፣ ለዘለዓለም ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው። ደንበኞች የኩባንያውን የኢንተርኔት አገልግሎት በገፍ መሰረዝ ጀመሩ። ወሩ ሳያልቅ፣ ጃንዋሪ 27 ላይ፣ ኩባንያው አፈገፈገ። የድሮውን ፈቃድ እንደነበረ ተወው፤ መሠረታዊ ሕግጋቱንም ተመልሶ በማይሻር የክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቃቸው።

ስለ ጨዋታ ይህን ያህል ግርግር? ለሚለው አንባቢ ጨዋታው ምን እንደሆነ ማስረዳት ይበጃል። አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ። መሪው የት እንዳሉና ምን እንደሚያዩ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥረውን ዳይሱ ይለያል። ወጉ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ሜዳ የለው፣ ጠጠር የለው። የሚያስፈልገው ዓለም ነው፤ ከተማ፣ ንጉሥ፣ አማልክት፣ መንገድ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ ሳይቀር። ይህን ዓለም ወይ ታትሞ የተሸጠውን ይገዙታል፣ ወይ ቤት ውስጥ ይሠሩታል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር የጨዋታውን ያህል ያረጀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት በጊዜና በጥራት ነው። ሥራና ልጆች ያሉት ሰው አህጉር ለመፍጠር ጊዜ ከየት ያመጣል? በሌላ በኩል፣ ራሱ የሠራውን ዓለም የሚመራ ሰውን ማን ተሳስተሃል ይለዋል? ሁለቱም እውነት ነው። የጨዋታውን ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን ከጊዜና ከጥራት በፊት ሌላ ጥያቄ ያነሳል። በአማርኛ ካርታ ስንል መንገድ የሚያሳየውን ሥዕል ማለታችን ነው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረውንም ወረቀት ካርታ እንላለን። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን ካርታ የሣለውና ሁለተኛው ካርታ በስሙ የወጣለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም።

ነገሩ የተጀመረው ምድር ቤት ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ መባቻ ዴቭ አርነሰን የሚባል የሚኒሶታ ወጣት፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ ብላክሙር በሚባል ግዛት ያጫውታቸው ነበር። አንድ ግንብ፣ ከሥሩ አንዲት ከተማ፣ ከግንቡ በታች ደግሞ ጨለማ ዋሻ። በ1972 መጨረሻ ይህን ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስ አየው። ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረ፣ ያን ሰሞን ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የዊስኮንሲን ሰው ነው። ብዙ ሳይቆይ ግሬይሆክ የሚባል የራሱን ግንብ ሠራ፤ የመጀመሪያ ተጫዋቾቹ ልጆቹ ነበሩ። ከአርነሰን ጋር የጻፉት ሕግም በ1974 ታተመ። ሦስት ትንንሽ ደብተሮች፣ አንድ ሺህ ቅጂ፣ ዋጋው 10 ዶላር።

በእነዚያ ሦስት ደብተሮች ውስጥ ዓለም አልነበረም። የተረሳ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ገዢው የራሱን ዓለም ይፈጥራል፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው፤ የሌላ ሰው ሕልም ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ማን አለ? የሚል እምነት ነበራቸው። በ1975 ግሬይሆክና ብላክሙር የሚል ርዕስ የያዙ ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ሲወጡ እንኳ፣ ገልጦ ያየ ሰው ያገኘው ባብዛኛው ተጨማሪ ሕግ ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ፣ አገሩ ግን ውስጡ የለም።

ስሌታቸው ስህተት መሆኑን ያሳያቸው የውጭ ሰው ነው። ቦብ ብሌድሶ የተባለ የኢሊኖይ ነዋሪ ለጓደኞቹ የሠራትን ከተማ ካርታ በ1976 በአንድ የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ ይዞ ሄደ። በእጅ እየዞረ ሸጠው፤ አለቀበት። ጀጅስ ጊልድ የሚባለው አሳታሚ ከዚህ ተወለደ። ሰው ለካ የሌላውን ሕልም ይገዛል! የጋይጋክስ ኩባንያ ቲ.ኤስ.አር. ይህን አይቶ በ1978 የተዘጋጁ ጀብዱዎችን ማተም ጀመረ፤ በ1980 ደግሞ የግሬይሆክ ዓለም ራሱ ሁለት ትልልቅ የግድግዳ ካርታዎች ይዞ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጋይጋክስ ለገዢዎች የሰጠው ካርታ ቤቱ የሚጫወትበትን አልነበረም። የቤቱ ካርታ ከሰሜን አሜሪካ መልክዓ ምድር የተቀዳ ሲሆን፣ ለኅትመት የወጣው በወረቀቱ ልክ እንደ አዲስ የተሣለ ነው። ሁሉ ነገር የተጀመረበትን ግንብማ፣ ከነዋሻዎቹ፣ ኩባንያውን እስከለቀቀበት ቀን ድረስ አላተመውም። ሰው ለእንግዳ ሳሎኑን ይከፍታል እንጂ ጓዳውን አያሳይም። ታትሞ የሚሸጥ ዓለም ሁሉ ሳሎን ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በ1985 መገባደጃ በኩባንያው ውስጥ በተነሳ የአክሲዮን ትግል ሥልጣኑ ከጋይጋክስ እጅ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ተሰናበተ። ግሬይሆክ ግን አብሮት አልሄደም፤ በኩባንያው ስም ነበርና። በስንብቱ ውል ከዚያ ዓለም ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት ጎርድ የሚባለውን የልቦለዱን ገጸ ባሕርይና ከገዛ ስሙ ፊደላት የተፈጠሩ ስሞችን ነበር። ከነዚህ አንዱ ዛጊግ ነው፤ ጋይጋክስ የሚለውን ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡት የሚሰጠው ድምፅ፣ ግንቡን የሠራው እብድ ጠንቋይ።

ቀጥሎ የሆነው የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው። ጋይጋክስ የጎርድን ልቦለዶች በሌላ አሳታሚ በኩል መጻፉን ቀጠለ፤ በ1988 በወጣው የመጨረሻው መጽሐፍ ያንን ዓለም ራሱ አጠፋው። ቤቱን የተቀማ ሰው በወረቀት ላይ አቃጠለው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቲ.ኤስ.አር. የግሬይሆክ ግንብ የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አወጣ፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ቀልድና ፌዝ ነው። ተጫዋቾች ከአሥር ዓመት በላይ ሲጠብቁት የነበረው ግንብ በዚህ መልክ ደረሳቸው። ጋይጋክስ እውነተኛውን ግንብ ማሳተም የጀመረው በ2005 ነው። ግሬይሆክ ብሎ ሊጠራው መብት ስላልነበረው ካስል ዛጊግ አለው። ሳይጨርሰው በማርች 2008 ሞተ።

አርነሰንም ብዙ አልተሻለም። ከኩባንያው ጋር በ1979 ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1981 በስምምነት ጨረሱ። በ2004 ብላክሙር በአዲስ መልክ ሲታተም የአርነሰን ስም ሽፋኑ ላይ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው ግን ከዊዛርድስ በተገኘ ፈቃድ ነው። በወላጆቹ ምድር ቤት ለፈጠረው ግዛት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር።

የካናዳው ኤድ ግሪንዉድ ዕጣ ለስለስ ያለ ነው። ፎርጎተን ሪልምስ የሚባለውን ዓለም የጀመረው ጨዋታው ራሱ ከመፈጠሩ በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ በልጅነቱ ለራሱ ተረት ሲጽፍ ነው። ቲ.ኤስ.አር. ጋይጋክስን ካጣ በኋላ አዲስ ዓለም ሲፈልግ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ግሪንዉድን አገኘ፤ ዓለሙን ገዝቶ በ1987 በሣጥን አድርጎ አወጣው። ግሪንዉድ ደስተኛ ሻጭ ነው፤ ዛሬም ስለዚያው ዓለም ይጽፋል። እዚህ የተቸገረው ሻጩ ሳይሆን ገዢው ነው።

ለምን ቢባል፣ የታተመ ዓለም እንደ ወንዝ ነው፤ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አሳታሚው በየዓመቱ አዲስ መጽሐፍ መሸጥ አለበት። በ1988 የአር. ኤ. ሳልቫቶሬ ልቦለዶች መውጣት ጀመሩ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በዚያ ዓለም ለማጫወት የተቀመጠ መሪ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ልቦለዶቹን ሁሉ ያነበበ ተጫዋች ሊገጥመው ይችላል። «ያ ጌታ እኮ በሦስተኛው መጽሐፍ ሞቷል» የሚል። መሪው በገዛ ጠረጴዛው ላይ ተማሪ ይሆናል። ይባስ ብሎ፣ በ1989 የሕግጋቱ እትም ሲቀየር አማልክቱ ወደ ምድር ወርደው እርስ በርስ እንዲተላለቁ ተደረገ። በ2008 ሌላ እትም ሲመጣ መቅሠፍት ወርዶ የዓለሙ ታሪክ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ወደ ፊት ተገፋ፤ አገሮች ጠፉ፣ ሰዎቹ አርጅተው ሞቱ። ዓመታት ሙሉ በዚያ ዓለም ጓደኞቹን ሲያጫውት የኖረ ሰው፣ የሚያውቃት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በአንድ የኅትመት ውሳኔ ከተቀበረች ምዕተ ዓመት ሊሞላት ነው። እርግጥ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የድሮ መጽሐፍ የሚወስድበት የለም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው መጽሐፍ ግን ከእሱ ጠረጴዛ ጋር አይገጥምም። ተከራይ ቤቱን የቱንም ያህል ቢያሳምረው አከራዩ ግድግዳ ሲያፈርስ አያማክረውም።

ቲ.ኤስ.አር. ራሱም በብዙ ዓለም ተጎድቷል። በ1990ዎቹ ዓለም በዓለም ላይ እያወጣ የገዢውን ኪስ ከፋፈለው፤ በ1997 ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ለዊዛርድስ ተሸጠ።

በ2002 ዊዛርድስ ውድድር አወጀ፤ ማንም ሰው የፈጠረውን ዓለም በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ፣ አሸናፊው 100,000 ዶላር ያገኛል ተባለ። ከ11,000 በላይ ሰዎች ላኩ። አሸናፊው ኪዝ ቤከር ነው፤ ኤበሮን የሚባለው ዓለሙ በ2004 ወጣ፤ ጥሩ ዓለም ነው፣ ዛሬም ይጫወቱበታል። የሚረሱት ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሌሎች ሁለቱ ናቸው። ኩባንያው የእነሱንም መብት ገዝቷል። ከሁለቱ አንዱ፣ በኋላ በኢንተርኔት ካርቱኑ የታወቀው ሪች በርሉ ነው። የእሱ ዓለም አልታተመም፤ መብቱ የኩባንያው ስለሆነም ይዘቱን ማውራት አይችልም። በቂ ገንዘብ ተከፍሎታል፣ ማንም አላስገደደውም። ቢሆንም አንድ ሰው የፈጠረው አገር፣ ከነተራሮቹና ከነነገሥታቱ፣ የሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የተማሩ የሚመስሉት አዲሶቹ ናቸው። ማት መርሰር የሚባል የድምፅ ተዋናይ ለሙያ ጓደኞቹ በቤት የጀመረው ጨዋታ በ2015 በኢንተርኔት መተላለፍ ጀምሮ ክሪቲካል ሮል በሚል ስም ብዙ ተመልካች አገኘ። ዓለማቸው በ2017 በአንድ ትንሽ አሳታሚ፣ በ2020 በራሱ በዊዛርድስ በኩል በመጽሐፍ ወጣ። ዓለሙ ግን በራሳቸው ኩባንያ እጅ ቀረ፤ በ2022 ያወጡት መጽሐፍ በገዛ ማተሚያቸው ስም ነው።

ታዲያ ነገ ከጓደኞቹ ጋር ሊጀምር ያሰበ ሰው የቱን ይያዝ? «የራስህን ሥራ» የሚሉት አክራሪዎች የሰውን ጊዜ እንደ ውኃ ይቆጥሩታል፤ ምክራቸው ብዙ ጀማሪዎችን ከአህጉር ካርታ ጋር ለስድስት ወር አታግሎ ያለ አንድ ጨዋታ አስቀርቷል። የሚረሱት፣ አርነሰን በአንድ ግንብና በአንዲት ከተማ መጀመሩን፣ ጋይጋክስም ከግንቡ በታች ባሉ ጥቂት ዋሻዎች መጀመሩን ነው። አንድ መንደር፣ አንድ ዋሻ፣ ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦች ለመጀመሪያው ወር ይበቃሉ። የታተመውን የሚገዛም አያፍርም፤ በ1980 ግሬይሆክን የገዙት ባዶ የተተወውን በእስክሪብቶ ሞሉት፣ ያልጣማቸውን ሰረዙት። መጥፎው ምርጫ ገዝቶ ማክበር ነው፤ ለመጽሐፉ ታማኝ ለመሆን ሲባል ጠረጴዛው ላይ የተፈጠረውን መሻር።

ጨዋታው 50 ዓመት በሞላው በ2024 ዊዛርድስ አዲስ የመሪዎች መመሪያ አወጣ። መመሪያው አንድ ናሙና ዓለም ይዟል፤ ባጭሩ የተጻፈ፣ መሪው የቀረውን ራሱ እንዲሞላው የተተወ። ናሙናው ግሬይሆክ ነው።