ጉሎ፣ ትሬንታ ኳትሮ እና የሰቆጣ አቀበት

ሰቆጣ የሚለው ስም በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች የሚነሳው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ሁለተኛው ድርቅና ጦርነት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ዘይት ነው። ፈገግ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ይሁን። እህሉም፣ መድኃኒቱም፣ ወላዷም ወደ ሰቆጣ የሚሄዱት በመኪና ነው። መኪናው ደግሞ የሚሄደው ዘይቱ እስከፈቀደለት ድረስ ነው።

በሌላው ዓለም “ለጉልበተኛ መኪና የትኛው ዘይት ይሻላል?” የሚለው ጥያቄ የሀብታም ልጆች ወግ ነው፤ ስለ ፌራሪና ስለ ፖርሽ የሚወራ። ጉልበት ማለት ግን ሞተር እስከ መጨረሻ አቅሙ ድረስ ለረጅም ሰዓት መሥራቱ ከሆነ፣ ከቆላው የተከዜ ሸለቆ ተነስቶ ስንዴ ጭኖ ወደ ዋግ ደጋ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ ከየትኛውም የውድድር መኪና አያንስም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር አየር ያጥረዋል፣ ናፍጣው አልቃጠል ይላል፣ ጥላሸቱም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ደግሞ የጎደለውን አየር ለማካካስ የበለጠ ይሽከረከራል።

ታሪኩን ከጓሮ ልጀምር። ጉሎን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። አጥር ሥር የሚበቅል፣ ማንም የማይኮተኩተው ተክል ነው። ፍሬው ተወቅጦ አዲስ ምጣድ ይሟሽበታል፣ ቆዳ ይለሰልስበታል። እኤአ በ1927 ወደ አገራችን የመጣው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የዓለም ሰብሎች የተገኙባቸውን ማዕከላት ሲዘረዝር፣ በኢትዮጵያ ማዕከል ውስጥ ከጤፍና ከኑግ ጋር ጉሎንም አስገብቶታል። ይህ ተክል ነው እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ጉልበተኛ ሞተሮች በሕይወት ያቆየው። ቻርልስ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ እኤአ በ1899 የዘይት ኩባንያ አቋቋመ። በ1909 የጉሎ ዘይት የተቀላቀለበት የሞተር ዘይት አወጣና ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም ወስዶ ካስትሮል አለው። ዛሬ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የምናየው ስም ትርጉሙ ጉሎ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረሩት፣ ሲሊንደራቸው አብሮ የሚሽከረከር የአውሮፕላን ሞተሮች የሚቀቡት በጉሎ ዘይት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፣ ሙቀት ሲበረታም ከብረቱ ላይ አይሸሽም። የውድድር መኪኖችም ለአሥርተ ዓመታት በዚሁ ሮጠዋል። ጉዳቱ ቶሎ መወፈሩና እንደ ሙጫ መጣበቁ ነው፤ ለአንድ ቀን ውድድር ግሩም፣ ለጭነት መኪና ግን ጠላት።

እኛ የጉሎው ባለቤቶች የመጀመሪያውን መኪና ያየነው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ በኩል እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ አስገብቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያ ዘመን ሰቆጣ አሞሌ ጨው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ የሚገባባት ትልቅ የሰሜን ገበያ ነበረች። የዋግሹሞቹ መናገሻ ናት። ከቤታቸው የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ለእንዲህ ያለች ከተማ መኪና ወሬ እንጂ ነገር አልነበረም።

መኪናው ወደ ሰሜን ደጋ በብዛት የመጣው ሊወጋን ነው። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ሚያዝያ 18 ከደሴ ተነሳ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ጣርማ በር ላይ ግን ጭቃውና የተቆረጠው መንገድ ሰልፉን ያዘው፣ ወታደሩ መንገድ ጠራጊና መኪና ገፊ ሆነ። ከእነዚያ ተሽከርካሪዎች አንዱ ፊያት 634 ነው፤ ሰዉ “ትሬንታ ኳትሮ” እያለ ከጣሊያን በኋላም ለብዙ ዘመን የነዳው የናፍጣ ጭነት መኪና።

እዚህ ላይ የዘይት ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ዓመት ይገጣጠማል። እስከዚያ ጊዜ የሞተር ዘይት ማለት የተጣራ የማዕድን ዘይት ብቻ ነበር፤ ቅመም የሚባል ነገር የለውም። ናፍጣ ሞተር ሲስፋፋ ጥላሸቱ ፋሻዎቹን ከፒስተኑ ጋር ያጣብቃቸው ጀመር። የካተርፒላር ትራክተሮች በዚህ ተቸግረው ነበር። መላ የተገኘው እኤአ በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚያጥብ ቅመም በመጨመር ነው። ጣሊያን ማረብን በተሻገረበት በ1935 ካሊፎርኒያ ውስጥ “ዴሎ” የሚባለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ለገበያ ወጣ።

ዋግን በተመለከተ ግን ዘይትም መኪናም ለወራሪው አልበቃውም። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ክረምት ዋግንና ላስታን አስነስተው ተዋጉ፤ በ1930 መባቻ ተገደሉ፣ ጭንቅላታቸውም ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲታይ ተደረገ። የጣሊያን የጭነት መኪና ከመንገድ አይወጣም ነበር፤ የዋግ አርበኛ ደግሞ መንገድ አያስፈልገውም። ብዙ የጦርነት ታሪካችን የሚያልፈውን ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ።

ጣሊያን ሄደ፣ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ። ከዚህ ሁሉ መካከል የራሳችንን ስም ይዞ የቀረው ዘይት ነው። ይህ ግን ዘይቱን የእኛ አላደረገውም። አሰብ ላይ በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ እኤአ በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ፈነዳና ወደቡም ራቀ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁ ሁሉ ተጣርቶ ከውጭ ይገባል።

በመካከሉ 1977 አለ። ቆረም ላይ የተሰበሰበውን ረሃብተኛ ዓለም ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ከዚያ ሕዝብ ብዙው ከዋግ በእግሩ የመጣ ነበር። እህል ወደብ ላይ ተከማችቶ ሰው ደጋ ላይ ያለቀው በብዙ ምክንያት ነው። ከሁሉ በፊት ፖለቲካና ጦርነት ነው፤ ይህንን በዘይት ለመሸፈን አልሞክርም። ነገር ግን የጭነት መኪና እጥረትና የመለዋወጫ ችግር ያኔም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ፊያት “ኤንትሬ” ይህን አቀበት እየወጣች እህል ያደረሰችው ማንም አሳምሯት ሳይሆን ሞተሯ ብዙ በደል ስለሚችል ነው። የዛሬው ሞተር እንደዚያ አይችልም፤ ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ ቱርቦ አለው፣ የዘይት መተላለፊያው ቀጭን ነው።

ወደ ምርጫው ልምጣ። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር እኤአ በ1911 ዘይትን በውፍረቱ ቁጥር ሰጠው። ሾፌሮቻችን “ባለ 40” የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። በኋላ በብርድም በሙቀትም የሚሠራው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት መጣ። 15 ደብሊው 40 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ሲነሳ ያለውን፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ያለውን ውፍረት ይናገራል። ብዙ ሰው ታዲያ ውፍረትን ከጥራት ጋር ያምታታል። “ወፍራም ስጠኝ፣ ይህች መኪና አርጅታለች” ይላል። ወፍራም ዘይት በደጋ ጠዋት ቱርቦው ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ቱርቦ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞር ነገር ነው፣ ሰከንዶች ይበቁታል።

ከውፍረቱ ይልቅ ጀሪካኑ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ይበልጣሉ። የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ምደባ ለቤንዚን “ኤስ”፣ ለናፍጣ “ሲ” ብሎ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው። “ሲ ኤፍ 4” የ1990 ነው፣ “ሲ አይ 4” የ2002። ልዩነታቸው ጥላሸት የመሸከምና አሲድ የማርከስ አቅማቸው ነው። ዋግ ላይ ትልቁ ጠላት ጥላሸቱና አቧራው ስለሆነ፣ ለቱርቦ ናፍጣ 15 ደብሊው 40 “ሲ አይ 4” ሲገኝ፣ “ባለ 40” ርካሽ ዘይት መሙላት ቁጠባ አይደለም። ዘይቱ ቶሎ ከጠቆረም “ተበላሸ” ብሎ ነጋዴውን መርገም አያስፈልግም፤ መጥቆሩ ቆሻሻውን ከብረቱ አንስቶ እየተሸከመ መሆኑን ያሳያል። እንዲያውም በዚያ አቀበት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ማር የመሰለው ዘይት ነው የሚያሳስበኝ። ሌላም አለ፤ አቀበቱን የጨረሰ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ባያጠፋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባለበት ቢያሠራው፣ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት አይከስልም። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ሰቆጣ እጅ ተለዋወጠች፣ መንገድ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ። ነዳጅ ሲጠፋ ዜና ይሆናል፤ ዘይት ሲጠፋ ግን ማንም አይዘግበውም፣ ምክንያቱም መኪናው ያንኑ ቀን አይቆምም። የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ተጠልሎ ይመለስበታል፣ ከወራት በኋላ ሞተሩ ይነክሳል፣ ያኔም ሰው “አሮጌ ነበር” ብሎ ያልፈዋል።

ከዚያ ሁለት የመንግሥት ውሳኔዎች መጡ። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ በዶላር የሚገዛው ሁሉ ናረ፣ ዘይትም ጭምር። የመጀመሪያውን ውሳኔ በመርሕ አልቃወምም፤ የተከዜ ግድብ ለዋግ ጎረቤቱ ነው፣ ከኤሌክትሪክ መኪና ተጠቃሚ ይሆን ዘንድ ተስፋ አለኝ። ዛሬ ግን ሰቆጣን የሚያገለግለው ያው የነዳጅ ሞተር ነው፤ አውቶሞቢሉ በአዲስ አይተካም፣ የጭነት መኪናውና አምቡላንሱም ምንዛሪው በዚህ ዋጋ ላይ ሆኖ በቀላሉ አይተኩም። አትተኩም የተባለ አገር ያለውን ማቆየት አለበት። የሚያቆየውም ሲወደድ ሰው ወደ ርካሹ ይሸሻል፣ ርካሹ ደግሞ በአሮጌ ጀሪካን የተሞላ የተቃጠለ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የወረዳና የጤና ጽሕፈት ቤቶች የግዢ ሠራተኞች ይህን ካነበባችሁ፣ ጥያቄዬ አንዲት መስመር ናት። የጨረታ ሰነዱ ላይ “የሞተር ዘይት፣ ባለ 5 ሊትር” ብቻ ከተጻፈ አሸናፊው ሁልጊዜ ርካሹ ነው። ውፍረቱና የጥራት ደረጃው ይጻፍ፣ ያገለገለው ጀሪካንም ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ይበሳ።