እንዶድና የተግባር ትምህርት
የሳይንስ ትምህርት ያለ ተግባር ፍሬ እንደማይሰጥ ለማስረዳት፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ የሆነውን እናስታውሳለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በወንዝ ዳር ሲመረምሩ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙዎቹ ሞተው አገኟቸው። አጣቢዎቹ የእንዶድን አረፋ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀንድ አውጣን መግደሉን ግን እርሳቸው አስተዋሉ፤ በላቦራቶሪም ፈትነው አረጋገጡ።

ዛሬ ከኮዬ ፈጬ አቅራቢያ፣ በቂሊንጦ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዚያም ሆነ በሌላው ኮሌጅ፣ ውጤቱ አስቀድሞ በመጽሐፍ የተጻፈውን ሙከራ መድገም እጅን ያለማምዳል፤ ዓይንን ግን አያሠለጥንም። ስለዚህ የአቃቂ ወንዝም እንደ ላቦራቶሪው ሁሉ የምንማርበት ሥፍራ ሊሆን ይገባዋል እንላለን።